ረቂቅ መጻሕፍትና ጀማሪው አንባቢ

ጀማሪ አንባቢ ወደ ረቂቅ መጽሐፍ እንዴት ይግባ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ስለ አጠናን ስልት ብቻ የተነሣ ይመስላል። ሥሩ ሲመረመር ግን የሐቀኝነት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ያልተረዱትን እንደ ተረዱ አድርጎ መናገር ይገባልን? የሚል ነው።

ለዚህ መጽሐፈ ሄኖክ መልካም አብነት ይሆነናል። 108 ምዕራፎች ያሉት ይህ መጽሐፍ ምሉእ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በ1821 በሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። በ1875 ኒውዮርክ ላይ የቴዎሶፊን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሄለና ብላቫትስኪ በ1888 ባሳተመችው ታላቅ ድርሰቷ ሄኖክን ለስውር ጥበብ ምስክር አድርጋ ጠቅሳዋለች። እርሷ የተነሣችው ከምሥጢሩ ነው። የአገራችን ሊቃውንት ግን የሚነሡት ከንባቡ ነው።

የዚህን ልዩነት ክብደት የተረዳሁት ከዓመታት በፊት በከፋ፣ ቢታ ገነት መምህር ሳለሁ በፈጸምሁት ስሕተት ነው። ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሄኖክን በአማርኛ እናነብ ነበር። በ3ኛው ምዕራፍ ዛፎች ሁሉ ቅጠላቸው ሲረግፍ 14 ዛፎች ብቻ ቅጠላቸውን እንደሚጠብቁ ይነገራል። አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ የእኛ ደን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ ቡናውም ቢሆን ቅጠሉ አያልቅበትም። ታዲያ 14ቱ የትኞቹ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። «ቍጥሩ ምሥጢር ነው፤ ስትበስል ይገባሃል» ብዬ አለፍሁት። ልጁ ከዚያች ዕለት ወዲህ ጥያቄ አልጠየቀኝም። የነሣሁት መልሱን ብቻ አልነበረም፤ የመጠየቅ ድፍረቱንም ጭምር ነበር።

እውነተኛው መልስ ቀላል ነበር። መጽሐፉ ዛፎቹን በስም አይጠራም። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የተገኙት የአራማይክ ቍርጥራጮች እንደሚጠቁሙት፣ ጸሐፊው የሚያውቀው ደን የከፋ ደን አይደለም። ልጁ ስቶ አልነበረም፤ እንዲያውም በትክክል ያነበበ እርሱ ብቻ ነበር።

በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ ወደ ትርጓሜ ከመድረሱ አስቀድሞ ንባቡን ያቀናል፤ ቅኔ ተምሮ የግእዙን ሰዋስው ይይዛል። መምህሩም ንባቡን ተከትሎ «አንድም» እያለ ፍችን በፍች ላይ ያኖራል። «አንድም» ማለት የእኔ ፍች የመጨረሻው አይደለም ማለት ነውና በቃሉ ውስጥ ትሕትና አለ።

ከዚህ ተነሥቶ ጀማሪው ሦስት ነገሮችን በተራ ቢጠይቅ ይጠቀማል፦ ቃሉ ምን ይላል? በየት አገር፣ ለማን ተነገረ? ከዚያም በኋላ፣ ምን ማለት ሊሆን ይችላል? ሰዎች በከብትና በበግ ተመስለው ከሚታዩበት ከ85ኛው ምዕራፍ ራእይ ይልቅ ስለ ፀሐይ መመላለሻ ከሚያትተው ከ72ኛው ቢጀምር ይሻላል። በዚያ ዓመቱ 364 ቀን ነው፤ ለ7 ቢካፈል ልክ 52 ሳምንት ይሆናል። ይህን ማንም በእርሳስ ሊያሰላው፣ ከ365 ቀን ጋርም ሊያነጻጽረው ይችላል።

መምህር በቅርብ የሌለው ምን ያድርግ? ሁለት ሦስት ሆኖ ያንብብ፤ ያልገባውንም በደብተር ይመዝግብ። ያነበበውን በካፊኖኖ ለእናቱ መተረክ የቻለ የቢታ ገነት ልጅ ንባቡን በእርግጥ ይዞታል። መተረክ ካልቻለ ግን የያዘው ጥቅስ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ የጥናት ክበቦችም ዋናውን መጽሐፍ ሳይገልጡ በጥቅስ የተሟገቱ ጥቂቶች አልነበሩም። ረቂቁ መጽሐፍ የሃይማኖትም ይሁን የፖለቲካ፣ ጥፋቱ ያው ነው።

እንግዲህ የምናስተምር፣ የምንቀሰቅስና የምንደርስ ሁሉ በጀማሪ ፊት «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለትን እንልመድ። ያ ተማሪ ዛሬ ቢጠይቀኝ መጽሐፉን ይዘን ወደ ደኑ እንወጣ ነበር።