የሸረሪት እግርና የሰው ክንድ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ አባቶቻችን የሸረሪትን ድር የኅብረት ማስተማሪያ አድርገውት ኖረዋል። ድሩን እያደነቅን ፈታዪቱን ዘንግተናት ቆይተናል ማለት ይቻላል። የዘመናችን ሳይንስ ደግሞ ዓይኑን ከድሩ አንሥቶ በእግሯ ላይ አሳርፏል። በዚያም ያገኘው ምሥጢር የሰውን ገላ ለመጠበቅም ሆነ ገላውን ለሌላ አሳልፎ ለመስጠት የሚያገለግል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ጉዳዩ የሊቃውንት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

በመካከለኛው አሜሪካ ደኖች ኩፒየኒየስ ሳሌይ የምትባል ሸረሪት ትኖራለች። ይህች ሸረሪት ድር ዘርግታ የምታድን አይደለችም። ሌሊት በሙዝና በመሰል ሰፋፊ ቅጠሎች ላይ እግሮቿን ዘርግታ ታደፍጣለች፤ ቅጠሉ ሲርገበገብም ነፋስ ይሁን፣ በረሮ ይሁን፣ ወይስ ሊያጫት የመጣ ወንድ ይሁን ለይታ ታውቃለች። ይህንንም የምታውቀው በጠንካራ ቅርፊቷ ላይ በተበተኑ ከ3,000 በላይ ጥቃቅን ስንጥቆች አማካይነት ነው። ከእነዚህ መካከል በእግሯ መገጣጠሚያ አጠገብ ያሉት ረዘም አጠር እያሉ እንደ አውታር ጎን ለጎን ስለ ተደረደሩ፣ ሊቃውንት በጥንቱ የግሪክ ክራር ስም ሰይመዋቸዋል። እግሯ ጥቂት በተነቀነቀ ቁጥር ስንጥቆቹ ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ፤ ነርቯም ወሬውን ይቀበላል። እኛ ሸክላ ሲሰነጠቅብን አውጥተን እንጥለዋለን፤ ተፈጥሮ ግን ስንጥቁን የስሜት ሕዋስ አድርጋ ትጠቀምበታለች።

እ.ኤ.አ. በ2014 በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ቀዱ። በሚተጣጠፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ 20 ናኖሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር አምሳ ሺህኛ እጅ ውፍረት ያለው ፕላቲነም ቀቡና ሆን ብለው ሰነጣጠቁት። ፕላስቲኩ ሲሳብ ስንጥቆቹ ይከፈታሉ፣ ኤሌክትሪኩም ማለፊያ ይጠብበዋል፤ ሲመለስ ስንጥቆቹ ይገጥማሉ፣ ኤሌክትሪኩም እንደ ልብ ያልፋል። ይህ ዳሳሽ በእጅ አንጓ ላይ ሲለጠፍ የደም ሥርን ትርታ፣ በአንገት ላይ ሲለጠፍ የሚነገረውን ቃል፣ በቫዮሊን ላይ ሲለጠፍ የሚመታውን ኖታ ለይቶ መዝግቧል። (ኖታውን ለየ ማለት ዜማውን ሰማ ማለት እንዳልሆነ ለጥበብ ሰዎች መንገር አያሻም።)

ታዲያ በሸረሪቷ ዘንድ የሚሰማውና የሚያውቀው አንድ ነው። ስንጥቁ የእርሷ ነው፤ ነርቩ የእርሷ ነው፤ ልዝለል ወይስ ልሽሽ የሚለውም ውሳኔ የእርሷ ነው። በሰው ክንድ ላይ በተለጠፈው መሣሪያ ግን የሚንቀጠቀጠው ገላ የአንዱ፣ የሚነበበው ጽሑፍ የሌላው ሊሆን ይችላል። ከተፈጥሮ የእግሩን አሠራር ስንቀዳ ባለቤትነቱን እዚያው ትተነዋል።

ይህ መለያየት ከሸረሪቷ ጥናት አስቀድሞ የጀመረ ነው። ኤቲየን ዡል ማሬ የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1860 በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ የደም ሥርን ትርታ በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ የሚጭር መሣሪያ ሠራ። ቀጥሎም በጫማ ሶል ውስጥ አየር የታመቀበት ክፍል አበጅቶ የሰውን እርምጃ መዘገበ። ከዚያ በፊት ሐኪም ትርታን በጣቱ ይዳስስ ነበር፤ ጣቱን ሲያነሣ ዳሰሳው ያበቃል። የማሬ ወረቀት ግን በሽተኛው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላም ይነበባል። ለሕክምና የሰጠው ጥቅም ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ፍራንክና ሊሊያን ጊልብረዝ በሠራተኞች እጅ ላይ ትናንሽ አምፖሎች አስረው የእጃቸውን ጉዞ እንደ ብርሃን መስመር በፎቶግራፍ አነሡት። ዓላማችን የሠራተኛውን ድካም መቀነስ ነው ይሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1916ም ስለ ድካም መጽሐፍ አሳትመዋል። በቅንነታቸው ላይ ክርክር የለኝም። ሆኖም ከድካም የተረፈችው ደቂቃ ለዕረፍት ትዋል ወይስ ለተጨማሪ ሥራ የሚለውን ለመወሰን ሥልጣን የነበረው ጥናቱን ያሠራው አሠሪ እንጂ አምፖሉ የታሰረበት ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2018 አማዞን የተባለው የአሜሪካ የንግድ ኩባንያ፣ ለጆሮ በማይሰማ የድምፅ ሞገድ የመጋዘን ሠራተኛን እጅ የሚከታተልና እጁ ወደ ተሳሳተ ሣጥን ሲያመራ አንጓውን የሚያንቀጠቅጥ አምባር የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አገኘ። የፈጠራ መብት ተገኘ ማለት በሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። ሐሳቡ ግን ራሱን ችሎ ይናገራል። ሸረሪቷ ንዝረት ሲደርሳት ትመረምራለች፤ ባለ አምባሩ ንዝረት ሲደርሰው ይታዘዛል።

«ልቡ የታመመ ሰው ምልክቱ ለሐኪሙ ቢደርስለት ምን ክፋት አለው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምንም ክፋት የለውም። ሰው የገዛ ልቡን መዛባት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሌሊት ሲንፈራገጥ እናቱን የሚቀሰቅስ መሣሪያ ቢገኝም የሚጠላው ሰው አይኖርም። ገላችን ለሌላው መናገሩ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው ተሸካሚው ስለ ራሱ ምን እንደሚነገር ሳያውቅ፣ ቢያውቅም አውልቆ ለመጣል እንጀራው ሲይዘው ነው። «ፈርሟልኮ!» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ብዙ አያራምድም፤ ሥራ የቸገረው ሰው የማይፈርመው ወረቀት ምን አለ?

ከዚህም የከፋው መሣሪያው በባለ ገላው ላይ መስክሮ ሲታመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ የሐኪሞች ጥናት እንዳሳየው፣ በጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክሲጅን መለኪያ የጥቁር ሕሙማንን የኦክሲጅን ማነስ ሳያሳይ ያለፈበት ድርሻ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር፤ መሣሪያው በብርሃን ስለሚሠራ የቆዳ ቀለም ያሳስተዋልና። በሽተኛው «ትንፋሽ አጠረኝ» ሲል ቁጥሩ «ደኅና ነህ» ይለዋል። ከሸረሪቷ የተቀዳው ዳሳሽ የሚሠራው በእንቅስቃሴ እንጂ በብርሃን ባለመሆኑ ከዚህኛው ጉድለት የራቀ ነው። ቢሆንም በማን ክንድ ላይ እንደ ተፈተነ መጠየቅ ይገባል፤ የአዛውንት የተሸበሸበ ቆዳ፣ ፀሐይ ላይ ሲያርስ የዋለ ገበሬ ላብና አቧራ፣ የሸማኔ ቀኑን ሙሉ የማያርፍ እጅ፣ እያንዳንዳቸው ለዚያች በፕላቲነም ለተቀባች ስንጥቅ የሚነግሯት የተለየ ነገር አላቸው።