እንደራሴና ጠበቃ

«እንደራሴ» የሚለው ቃል ሲነጣጠል «እንደ ራሴ» ይሆናል፤ መራጩ ለተመራጩ «እኔን ሆነህ ተናገር» ያለበት ቃል ነው። «ጠበቃ» ግን ከመጠበቅ የመጣ ነው፤ ጠባቂ የሰውን ነገር ይጠብቃል እንጂ ሰውየውን አይሆንም። እንግዲህ አንዱ ሰው በትንሽ ከተማ ጠበቃ፣ በአዲስ አበባ እንደራሴ ሆኖ ሲኖር ከሁለቱ ቃላት የትኛው ይገዛዋል?

ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ተነሥቶ የደብረ ሲናን አቀበት የሚወጣው የይፋት ባላገር ሙግት አዲስ አልነበረም፤ በተጠየቅና በበላ ልበልሃ አንደበቱ የተሳለ ነው። የተጻፈ ሕግ፣ ቀጠሮና ቴምብር ሲመጣ ግን አንደበት ብቻውን አልበቃም። ማመልከቻ ጸሐፊና ነገረ ፈጅ አስፈለገ። በእንዲህ ያለ ከተማ የሰውን ሁሉ ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ለምርጫ ቢቀርብ መንገዱ የተጠረገ ነው፤ ፓርቲ በሌለበት አገር የሚመረጠው ስም ነበርና።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ ተመራጩ ግን በምርጫ ክልሉ ንብረት እንዲኖረው አዘዘ። ሲሶና እኩል የሚገብረው ጭሰኛ መምረጥ ይችላል፤ እንደ ራሱ ያለ ጭሰኛ ግን አያገኝም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ለማሻሻል የተረቀቀው ሕግ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ።

እንደራሴዎቹ ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት ስንፍና ነው። አብርሃም ሊንከን ከ1834 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. የኢሊኖይ ምክር ቤት አባል፣ በትንሿ ስፕሪንግፊልድም ጠበቃ ነበር። በ1841 ናንስ የተባለችውን ጥቁር ሴት ነጻነት ተከራክሮ አስከበረ፤ በ1847 ደግሞ ማትሰን ለተባለ ባሪያ አሳዳሪ ቆሞ እናትና ልጆቿን ለማስመለስ ተሟገተ። ደግነቱ ተረታ። (ዛሬ ሐውልቱን የሚያዩ ይህን አያነሡም።)

ጠበቃን ከዚህ ዓይነት ነገር የሚያድነው ፊት ለፊቱ ሌላ ጠበቃ፣ በመካከላቸውም ዳኛ መኖሩ ነው። ለማትሰን የተናገረው አንደበት መልስ አገኘ። በምክር ቤቱ አዳራሽ ግን የባለመሬቱ ጠበቃ ተነሥቶ ሲናገር በጭሰኛው ወገን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እዚያም ቢሆን የሙያ ልማዱን ይዞ ለአንድ ወገን መከራከሩ አልቀረም፤ ልዩነቱ ተከራካሪ የሌለው ክርክር ፍርድ ሆኖ መውጣቱ ነው። በደሉም ከጠበቃው አንደበት ይልቅ በወንበሩ አደላደል ላይ ይገኛል፤ ባዶውን ወንበር እያየ በየአራት ዓመቱ የሚመለሰው ሰው ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተበተነ፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተባለ። በስድስት ወር ውስጥ ያ ሰው ወንበሩንም የመሬት ሙግቱንም አጣ። የመሬቱ ክርክር ወደ ገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሲዞር የይፋቱ ባላገር አቀበቱን ሳይወጣ፣ ነገረ ፈጅም ሳይከፍል፣ በገዛ አንደበቱ ሊሟገት ከጎረቤቶቹ ፊት ቆመ።