የእናት ርስት

በአገራችን ሰው ርስት ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የአባቱን መሬት ነው፡፡ መሬት ግን በልጆች ቍጥር በተከፈለ መጠን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፡፡ ለ10 ልጆች ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ሙሉው የሚደርስ ርስት አለ፤ እርሱም ሃይማኖት ነው፡፡ ይህንንም ርስት ብዙዎቻችን የተቀበልነው ከእናቶቻችን እጅ ነው፡፡

ለዚህ ነገር ምስክራችን ቅዱስ ጢሞቴዎስ ነው፡፡ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈ፣ አባቱ የግሪክ ሰው፣ እናቱ ግን ያመነች አይሁዳዊት ነበረች፡፡ ቅዱስ ጳውሎስም ሁለተኛውን መልእክት ሲጽፍለት በእርሱ ያለው እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ያሳስበዋል፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዳወቀ ይመሰክርለታል፡፡ እንግዲህ ሐዋርያው መጥቶ እጁን ሳይጭንበት በፊት በዚያ ቤት ሁለት ሴቶች ዘሩን ዘርተው ነበር ማለት ነው፡፡ ታላቁ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ የሃይማኖትን ትምህርት በልጅነቱ ከአያቱ ከማክሪና እንደ ተቀበለ በመልእክቱ ለመናገር አላፈረም፡፡

የእኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም፡፡ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታቅፋ ለጥምቀት ያደረሰች ማን ናት? ፊደል ሳንቈጥር ማማተብን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ መሳለምን ያስተማረችን ማን ናት? ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን ልጃቸው ዳዊት ይደግም ዘንድ ስንቁን ቋጥረው ወደ የኔታ ሰደዱት፡፡ ዛሬ በመቅደስ የሚቀድሰው ካህን፣ በዐውደ ምሕረትም የሚያስተምረው መምህር ዜማውንና ትርጓሜውን ከመምህሩ ቢቀበል፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርን የተማረው በእናቱ ጕያ ሳለ ነው፡፡

ነገር ግን አንድ የሚያሳዝን ልማድ አለ፡፡ እናቱን በሕይወት ሳለች ሳይጠይቃት ዓመት ያሳለፈ ልጅ፣ በሞተች ጊዜ ለ40 ቀን ተዝካሯ በሬ አርዶ፣ ጠላ አስጠምቆ አገሩን ይጠራል፡፡ ጸሎተ ፍትሐትና መታሰቢያ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ለሙት የሚደረግ ድግስ ለሕያው የተነፈገውን እንጀራ አይተካም፡፡ ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7፣ ገንዘባቸውን ለእግዚአብሔር የተለየ መባ ነው እያሉ አባትና እናታቸውን የማይረዱትን ገሥጿል፡፡ ይህ ተግሣጽ ከቤተ ክርስቲያን ለራቀው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ስለት ለምናገባውና ለምንቀድሰው ለእኛ ነው፡፡ እርሱ ራሱ በመስቀል ላይ ሳለ፣ ዓለምን በሚያድንበት በዚያች ሰዓት፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ዐደራ ሰጠ፡፡ እርሱን ያን የሚያህል ሥራ እናቱን ከማሰብ ካልከለከለው፣ እኛን የሚከለክለን ምን ሥራ ነው?

ስለዚህ እናቱ በሕይወት ያለችለት ሰው ሳይውል ሳያድር ይጠይቃት፤ በሩቅ አገር ያለውም ድምፁን ያሰማት፤ ጕልበቷም ደክሞ እንደ ሆነ ይደግፋት፡፡ እናቱ ያረፈችበትም ከእርሷ የተቀበለውን ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ለልጆቹ ያውርስ፡፡ መሬት ወራሽ ቢያጣ ሌላ ያርሰዋል፤ ሃይማኖት ግን ወራሽ ያጣ እንደ ሆነ ቤቱ ባዶ ይቀራል፡፡

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን፡፡