ጠርሙስ 7

ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ሦስት ጓደኛሞች አንዲት ክፍል ተከራይተው ይሠሩ ነበር። ሦስቱም በአንድ ዓመት የተመረቁ፣ ሦስቱም ቅጥር ያላገኙ ናቸው። አንደኛውን ሰፈሩ እጀ ወርቅ ይለዋል፤ የነካው ሁሉ ይሰምርለታል። ሁለተኛው አፈ ጮሌ ነው፤ ገበያም ይግባ ቢሮ ባዶ እጁን አይመለስም። ሦስተኛዋ ብዙ አትናገርም፣ ያየችውን ግን ትጽፋለች። ጸሐፊዋ አሏት።

ሥራቸው ነቀዝ ላይ ነበር። በጉደርና በባኮ ዙሪያ የራሱን የበቆሎ ዘር ለይቶ የሚያስቀምጥ ገበሬ፣ የመዝሪያው ጊዜ ደርሶ ጎተራውን ሲከፍት ዘሩ ተቦርቡሮ ዱቄት ሆኖ ይጠብቀዋል። ልጆቹ መድኃኒቱን በብርብራ ፍሬ ፈለጉ። ብርብራ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣ እንደሚያሰክር ያገሩ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ለነቀዝም እንደሚሆን የነገረቻቸው ጉደር ገበያ ላይ ያገኟት አንዲት እናት ነች። ፍሬውን በጥላ አድርቄ፣ ወቅጬ፣ ከአመድ ጋር ለዘር በማስቀምጠው በቆሎ ላይ እነሰንሳለሁ አለቻቸው። አመሰገኑ፣ ግማሽ ኩንታል ብርብራ ገዙና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነበረው አድካሚ ቆጠራ ነው። በየጠርሙሱ በቆሎ ይጨምራሉ፤ በእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ሕያው ነቀዝ ይለቃሉ፤ አፉን በስስ ጨርቅ ያስራሉ። ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱ ነጭ ወረቀት ላይ ይገለበጥና ስንቱ እንደሞተ፣ ስንቱ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን እንደሚያንቀሳቅስ ይቆጠራል። እግሩን የሚያንቀሳቅሰው በሕይወት እንዳለ ይጻፋል። እጀ ወርቁ አንዳንዴ «ይሄ እኮ አለቀለት» ይላል። ጸሐፊዋ ግን እስኪያልቅለት ድረስ ሞተ ብላ አትጽፍም።

የምትጽፈው በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ በጫነችው የኤሌክትሮኒክ የላብራቶሪ መዝገብ ነበር። በዚህ መዝገብ አንድ ጊዜ የገባ ቃል አይጠፋም። ቢታረም እንኳ የፊተኛው ከሥር ይቀመጣል፤ ማን እንዳረመው፣ በስንት ሰዓት እንዳረመው ይታያል። ማታ ማታ ደግሞ ፕሮግራሙ የቀኑን ጽሑፍ አሽጎ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያወጣል፤ ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ሰንሰለቱ ሌላ ይሆናል። ጸሐፊዋ ይህን ሰንሰለት በየምሽቱ ባኮ ለሚኖረው ለአክስቷ ልጅ በኢሜይል ትልክለታለች። ልጁ ምንነቱን አያውቅም። «አደራ፣ እንዳትሰርዘው» ስላለችው ብቻ ያስቀምጥላታል።

መጀመሪያ ላይ ግን ሦስቱም ወደ መዝገቡ የሚገቡት በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነበር። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ነገር ነው፤ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ይለጠፋል፣ የመጣ ሁሉ በእሱ ይገባል፣ እንደ መተማመንም ይቆጠራል። ጸሐፊዋ ከጥቂት ወራት በኋላ ለየሰው የየራሱን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ስትሰጥ ሁለቱ ወንዶች ተቀየሟት። «ምን ሰርቀን አገኘሽን?» አሏት።

በሚያዝያ አንድ ቀን እጀ ወርቁ የብርብራውን ዱቄት ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ምድጃው ሳይከፈት አደረ። ሲነጋ ዱቄቱ ጠቆር ብሏል፣ ሽታውም ተለውጧል። እጀ ወርቁ ተናደደ። «ጣይው። መዝገብ ላይም አታስገቢው፤ ሰው ቢያየው ምን ይለናል?» አላት። እሷ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 መብራት ጠፋ። ዱቄቱ በሚበርድ ምድጃ ውስጥ አደረ። እጀ ወርቁ ይጣል ብሏል። አልጣልኩትም፤ ጠርሙስ 7 ውስጥ ጨመርኩት።»

እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አብልጬ የምወደው ይህችን አጭር ጽሑፍ ነው። በየላብራቶሪያችን የተሳካው በትልቁ ይጻፋል፣ የተበላሸው ግን ከነምክንያቱ ይደፋል። ስንት ነገር አብሮ እንደተደፋ ማን ያውቃል?

ክረምቱ ገባ። የሌሎቹ ጠርሙሶች ዱቄት ኃይሉ እየደከመ ነቀዙ ተመልሶ ፈላባቸው። ጠርሙስ 7 ብቻ እስከ መስከረም ንጹሕ ሆኖ ቆየ። ሦስቱም ዘለሉ፣ ተቃቀፉ። ከወር በኋላ አፈ ጮሌው ለሥራ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ፤ በገና ሰሞንም ዱቄቱን በሚበርድ ሙቀት ውስጥ አሳድሮ የማድረቅ ዘዴ በእሱ ስም ብቻ እንዲመዘገብለት ማመልከቱ ተሰማ።

እጀ ወርቁ ደሙ ፈላ። ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ግን ነገሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቀረበ። ሽማግሌው ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በቀድሞው የእርሻ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ዕድሜያቸውን በሰብል በሽታና ተባይ ምርምር ላይ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። አፈ ጮሌውም አላፈረም፣ ሲጠሩት መጣ።

«አባባ፣ ሕጉ ቀድሞ ላመለከተ ነው» አለ።

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ ሽማግሌው። «አዋጅ 123/1987ን እኔም አንብቤዋለሁ። ሁለት ሰዎች በየፊናቸው፣ አንዱ ካንዱ ሳይወስድ አንድ ዓይነት ነገር ቢፈጥሩ መብቱ ቀድሞ ላመለከተው ነው። አንተስ በየፊናህ ነው የፈጠርከው?»

ጸሐፊዋ ላፕቶፑን ከፍታ የሚያዝያውን ገጽ አሳየች። አፈ ጮሌው ፈገግ አለ። «የኮምፒውተር ሰዓት እኮ ወደኋላ ይመለሳል። ትናንት ማታ ጽፋው ቢሆንስ?»

ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም፤ ሽማግሌውም አልናቁትም። ጸሐፊዋ ባኮ ደወለች። የአክስቷ ልጅ የዚያን ምሽት ኢሜይል ፈልጎ ሰንሰለቱን ፊደል በፊደል አነበበላቸው። ገጹ እንደገና ሲታሸግ የወጣው ሰንሰለት ያው ራሱ ሆነ። ኢሜይሉን የተቀበለበት ቀን በእሷ ላፕቶፕ ሰዓት የሚወሰን አልነበረም። ሽማግሌው በዚህ እጅግ ተደነቁ። የሚጠብቀውን የማያውቅ ምስክር ሊዋሽም ሊያዳላም አይችልም አሉ።

«9 ሰዓት ከ40 ብለሽ መጻፍሽን ወደድኩት» አሏት ቀጥለው። «ጤፍ አይዳቀልም ይባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ዶክተር ታረቀ በርሄ ነው አበባው ንጋት ላይ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ያስተዋለው። ሰዓቷ ከታወቀች በኋላ ማዳቀል ተቻለ፤ ኋላ ቁንጮ የሚባለው ዘር የተገኘው በዚያ መንገድ ነው። ሰዓት ማስተዋል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።»

እጀ ወርቁ የተፈረደለት መስሎት ቀና ሲል ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። «አንተስ? ይጣል ያልከው አንተ ነህ። እዚህ ተጽፏል።» እጀ ወርቁ ጸሐፊዋን አያት። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም።

ከዚያ ሽማግሌው መዝገቡ ከመጀመሪያው ገጽ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጽሑፎች ሁሉ «ላብ» በሚል ስም የገቡ ናቸው።

«ይህ ላብ የሚባለው ማነው?»

«ሦስታችንም ነን፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ማንም አይደለም። ማን ምን እንዳሰበ፣ ማን ምን እንደሠራ ከዚህ አይለይም። ይህችስ? ‹ከአንዲት እናት ጉደር ገበያ ላይ የተማርነው› ትላለች። እናቲቱ ስም የላትም?»

ማንም አልመለሰም። ጸሐፊዋም አልመለሰችም፤ መብራት የጠፋበትን ደቂቃ የጻፈች ልጅ የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም ነበር።

ሽማግሌው በዚህ ነገር ላይ ብዙ ቆዩ። የእንዶዱን ተመራማሪ አክሊሉ ለማን አነሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚያች እይታ የቢልሃርዚያን መተላለፊያ የሚገታ ምርምር ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድ አሜሪካ ውስጥ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎሎችን እንደሚገድል ታወቀና የፓተንቱ ባለቤት የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። «ወንዙ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩትን ሴቶች ስማችሁ ማነው ያላቸው አለ?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር።

የጤፉንም አልተዉም። ኤችፒኤፍአይ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ፈረመ፤ በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ቆይቶ በሆላንድ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ። «የፓተንቱ ዋና ነገር ታጭዶ ጥቂት ሳምንታት ካደረ በኋላ የተፈጨ ጤፍ ነበር» አሉ። «አዲስ ጤፍ ወዲያው እንደማይፈጭ እናቴ ታውቅ ነበር። ግን የእናቴን ዕውቀት የጻፈው ማነው? ባዕዱን ከመክሰሳችሁ በፊት እናንተ ጉደር ላይ ያደረጋችሁትን እዩ። አዋጅ 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀት ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ሂዱና እናቲቱን ፈልጉ።»

ፈለጓት። ሁለት የገበያ ቀን ባክኖባቸው በመጨረሻ ከጉደር ወጣ ብሎ ካለ መንደር አገኟት። ጸሐፊዋ የፊተኛውን ገጽ በኦሮምኛ አነበበችላት።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ በትክክል ጽፈነዋል?»

እናቲቱ ራሷን ነቀነቀች። «ጎዶሎ ነው፣ ልጄ። በጥላ ካደረቅሁ በኋላ እወቅጠዋለሁ፤ የተወቀጠውን ግን በገል አድርጌ እሳቱ ሲዳፈን ምድጃው ጥግ አሳድረዋለሁ። እንዲህ ካላደረግሁት ክረምቱን አይዘልቅም። አማቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው።»

«ያኔ ለምን አልነገርሽንም?»

«መቼ ጠየቃችሁኝ? ብርብራችሁን ገዝታችሁ ሄዳችሁ።»

ሦስቱ ተያዩ። የተጣሉበት ነገር፣ አዲስ አበባ ድረስ የሄደው ማመልከቻ፣ መብራት ባይጠፋ ኖሮ አይገኝም ያሉት ዘዴ፣ በዚህች ሴት ምድጃ ጥግ በየዓመቱ ሲያድር ኖሯል። አፈ ጮሌው ከሁሉ ቀድሞ ገባው፤ ጨዋታውን ያውቃልና። በማግስቱ አዲስ አበባ ሄዶ ማመልከቻውን አነሳ።

ጸሐፊዋ እዚያው ቁጭ ብላ እርማቱን አስገባች፤ በእናቲቱ ስም፣ በአማቲቱ ስም፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር። የፊተኛው ጎዶሎ ጽሑፍም ከሥሩ ቀረ። እናቲቱ ፊደሎቹን ትኩር ብላ አየችና ጥያቄዋን አቀረበች፦ «ታዲያ እናንተ የጨመራችሁበት የቱ ነው?»

መልሱን ለማግኘት አምቦ ተመልሰው መዝገቡን ገጽ በገጽ አገላበጡ። ብዙው የእሷ ወይም አገር የሚያውቀው ሆኖ ተገኘ። አንድ ነገር ግን ተረፈ። እጀ ወርቁ በየካቲት፣ በራሱ ስም ገብቶ፣ ዱቄቱን ከኑግ ፋጉሎ ጋር በልክ ለውሶ ትንንሽ እንክብል የማድረጉን ነገር ጽፏል፤ ዱቄት በነፋስ አይባክንም፣ የምትነሰንሰውም ሴት ዓይኗን አያቃጥላትም። ልኩን ያስተካከለችው ጸሐፊዋ እንደሆነችም ቀጥሎ ይታያል። ለአነስተኛ ፈጠራ ለሚሰጠው ለግልጋሎት ሞዴል ምዝገባ የቀረበው ይኸው ብቻ ነው፤ በሁለቱ ስም። አፈ ጮሌው ስሙ እንዲገባ አልጠየቀም፤ እንክብሉን የመሸጥ ሥራ ተሰጠውና ተቀበለ።

እናቲቱም የመንደሯን ሴቶች ሰብስባ ተመካክራ ሁለት ነገር አስጻፈች። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለሴቶቹ ዕቁብ ድርሻ እንዲገባ፣ የምድጃውን ጥግ ዘዴ ደግሞ ማንም፣ መቼም፣ የእኔ ነው እንዳይል። ሁለቱም በመዝገቡ ገቡ፤ ሰንሰለቱም በዚያው ምሽት ባኮ ደረሰ።