ከደመና በላይ ስላለው ብርሃንና ስለ ምስክር ቃል

ምስጋና ለሰማያትና ለምድር ፈጣሪ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

የአላህ ባሮች ሆይ! ከቁርአን ሱራዎች 13ኛው በነጎድጓድ ስም ተጠርቷል፤ ስለዚህ ምልክቱን ልብ በሉ። ከማጂ ተራራ ሆናችሁ በዝናም ወራት ሌሊት ወደ ኦሞ ቆላ ስትመለከቱ፥ መብረቅ ወደ ምድር ሲወርድ ታያላችሁ። ዳሩ ግን ከደመናው በላይ ሌላ ብርሃን አለ። ብርቱ መብረቅ ምድርን ከመታ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ከ50 እስከ 90 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ቀይ ብርሃን ይበራል፤ ዕድሜውም ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ነው። ሰማያዊው ደግሞ ከደመናው ራስ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወነጨፋል።

ሊቁ ዊልሰን ይህ ሊሆን እንደሚችል በ1920ዎቹ ተናግሮ ነበር። አውሮፕላን ነጂዎችም «አየን» ቢሉ ብዙዎች አላመኗቸውም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ለሌላ ሥራ ያሰናዱትን ካሜራ ሲፈትኑ ብርሃኑን ሳያስቡት ቀረጹት። የነጂዎቹም ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ።

ከደመናው በታች የቆመ ሰው ይህን አያይም፤ ደመናው ይጋርደዋልና። የሚያየው ርቆ በጨለማ የቆመው ነው።

እንግዲህ ነጋዴዎች ሆይ! በቡና ሚዛን ወይም በዕዳ ክርክር ሲነሣ፥ ድኻው ተሸካሚ «አይቻለሁ» ቢል፥ እኛ አላየንምና ሐሰት ነው አትበሉ። ጥቅም ደመና ሆኖ ይጋርዳል። ምስክርነቱ በራሳችሁ ላይ ቢሆንም እንኳ ሳትመረምሩ ቃሉን አትጣሉ።

አላህ ፍርዳችንን ያቅናልን። አሚን።