በሩን ክፈት የሚል ትእዛዝ ሲመጣ

አንድ ሰው ከተማ በአደራ ተሰጠው እንበል፡፡ «ቅጥሩን ጠብቅ፣ በሩን ለጠላት አትክፈት» ተብሎ ተሾመ፡፡ ጠላት መጣ፡፡ ሰውየው በሩን ዘግቶ ለወራት ተዋጋ፤ አልተሸነፈም፡፡ በመጨረሻ የሾመው መንግሥት ራሱ መልእክተኛ ልኮ «ታርቀናል፣ በሩን ክፈትና እጅህን ስጥ» አለው፡፡ ይህ ሰው ምን ያድርግ? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ለሰማ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ይታዘዛል፡፡ ለመሆኑ ግን አደራው የማን ነበር? የሿሚው ነው ወይስ ከቅጥሩ ኋላ የተጠለለው ሕዝብ?

ይህ ለክርክር ተብሎ የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1231 እና በ1232 መካከል በኮሪያ ምድር በሁለት ከተሞች የሆነ ነገር ነው፡፡ ኮሪያን ብዙዎቻችን የምናውቃት በ1951 በዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወይም ዛሬ በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ነው፡፡ በዚያን ዘመን አገሪቱ ጎርዮ ትባል ነበር፤ «ኮሪያ» የሚለውም ስም የመጣው ከዚሁ ነው፡፡ ለሙስሊሙ ዓለምም ፈጽሞ ባዕድ አልነበረችም፡፡ በ1024 መቶ ያህል የዐረብ ነጋዴዎች ባሕር አቋርጠው ለንጉሥዋ ገጸ በረከት እንዳቀረቡ የራስዋ የታሪክ መዝገብ ይናገራል፡፡

ጎርዮንና የሙስሊሙን ዓለም ከንግድ ይልቅ ያመሳሰላቸው ግን አንድ ጠላት ነው፡፡ ቡኻራንና ሰመርቀንድን በ1220 ያወደሙት፣ በ1258 (በሂጅራ 656) በግዳድን ገብተው ኸሊፋውን አል-ሙስተዕሲምን የገደሉት ሞንጎሎች፣ የታሪክ መጻሕፍታችን ተታር የሚሏቸው፣ በ1231 የያሉን ወንዝ ተሻግረው ጎርዮን ወረሩ፡፡ ሰበባቸው ከስድስት ዓመት በፊት ከጎርዮ ሲመለስ በመንገድ የተገደለ መልእክተኛቸው ነበር፡፡ የጦሩ መሪ ሳሪታይ ይባላል፡፡ ወራሪው የድንበር ከተሞችን አንዳንዱን በጦርነት፣ አንዳንዱን በድርድር እየያዘ ሲወርድ ኩጁ የምትባል ከተማ ግን አልከፈት አለችው፡፡

የኩጁን መከላከያ የመራው የሰሜን ምዕራቡ ግዛት የጦር አዛዥ ፓክ ሶ ነው፡፡ ከሌሎች ከተሞች የተረፉ ሹማምንትም ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ እርሱ ተሰበሰቡ፡፡ ከእነዚህ አንዱ ኪም ክዮንግሶን ነበር፡፡ ኪም የደቡቡን በር እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ ወታደሮቹን ወጥተን እንግጠም ቢላቸው መሬት ላይ ተደፍተው ዝም አሉት፡፡ እርሱም ሁሉንም ወደ ከተማው መልሶ አብረውት ከመጡት 12 ሰዎች ጋር ብቻ ወጣ፡፡ ክንዱን ፍላጻ ወግቶት ደሙ እየፈሰሰ ከበሮ መምታቱን አላቆመም፡፡ ጠላት ሲያፈገፍግ ፓክ ሶ እያለቀሰ እጅ ነሥቶ ተቀበለውና የመከላከሉን ጉዳይ በእጁ ሰጠው፡፡ የበላይ አዛዥ የሆነ ሰው ለበታቹ እንዲህ ሲያደርግ በታሪክ ብዙ ጊዜ አናይም፡፡

ከበባው ለአራት ወራት ያህል ሄድ መለስ እያለ ቆየ፡፡ ሞንጎሎቹ በበሬ ቆዳ የተሸፈነ ጋሪ ውስጥ ተደብቀው ወደ ቅጥሩ ሥር እየተጠጉ መሬት ሲቆፍሩ፣ ፓክ ሶ ከላይ የቀለጠ ብረት አፈሰሰባቸው፤ ጉድጓዱም ተደርምሶ ከሠላሳ የሚበልጡትን ዋጣቸው፡፡ በመንጀኒቅ ድንጋይ ሲወረውሩበት እርሱም መንጀኒቅ አቁሞ መለሰላቸው፡፡ በሰው ስብ የተነከረ እንጨት ቆልለው እሳት ለቀቁበት፤ ውኃ ሲደፋበት እሳቱ ይበልጥ ተቀጣጠለ፡፡ ፓክ ሶ አፈር በውኃ አስቦክቶ በጭቃ አጠፋው፡፡ ሠላሳ መንጀኒቅ ደርድረው ቅጥሩን ሃምሳ ያህል ቦታ ቢያፈርሱት በብረት ሰንሰለት እያሰረ ጠገነው፡፡ ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ አንድ የሞንጎል የጦር አለቃ ቅጥሩን ዞሮ ካየ በኋላ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ስንት ከተማ ሲወድቅ እንዳየና እንዲህ ተደብድባ ያልተንበረከከች ግን እንደማያውቅ መናገሩ ተመዝግቧል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፡፡ ከበባው እንደ ተጀመረ ሞንጎሎች ፓክ ሙንቻንግ የሚባል የማረኩትን የጎርዮ ሹም ወደ ከተማው ላኩት፤ «እጃችሁን ስጡ» በል ተብሎ ነው፡፡ ፓክ ሶ አንገቱን ቀላው፡፡ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ቁርጠኝነት ያወድሱታል፡፡ እኔ አልዋጥልህ ይለኛል፡፡ ሰውየው ምርኮኛ ነው፤ ሰይፍ ጀርባው ላይ ተሰክቶ ተናገር የተባለውን ተናገረ፡፡ በግዳጅ የተናገረ ሰው በፈቃዱ እንደ ከዳ ሰው ይቆጠራል? ፓክ ሶ ሊያስረው ይችል ነበር፡፡ ምናልባት በፍርሃት የተዋጠው ከተማ «እንስጥ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ እንዳያነሣ ብሎ ይሆናል፤ ቢሆንም ለሌሎች ማስተማሪያ እንዲሆን ተብሎ የፈሰሰ ደም ፍትሕ አይሆንም፡፡ ጀግና ስለሆነ ብቻ ይህን ልናልፍለት አይገባም፡፡

ወደ ጉዳያችን እንመለስ፡፡ በ1231 መጨረሻ ቤተ መንግሥቱ ከሳሪታይ ጋር ታረቀ፡፡ በ1232 መጀመሪያ ሚን ሂን ጨምሮ የንጉሡ መልእክተኞች ወደ ኩጁ መጥተው «እጅ ስጥ» አሉ፡፡ ፓክ ሶ አራት አምስት ጊዜ ተነግሮት አልሰማም አለ፡፡ በመጨረሻ ሚን ሂ ሰይፉን መዝዞ ራሱን ሊገድል ቃጣ፡፡ ያን ጊዜ ፓክ ሶ የንጉሥን ቃል አልሽርም ብሎ በሩን ከፈተ፡፡ በጠላት መንጀኒቅ ያልተከፈተው በር በወገን መልእክተኛ ተከፈተ ማለት ነው፡፡

ጃጁ በምትባለው ሌላ ከተማ ግን ቼ ቹንምዮንግ የሚባለው ምክትል ሹም ሌላ መልስ ሰጠ፡፡ የንጉሡ መልእክተኛ ቢመጣ በሩን ዘግቶ መልስ ነሣው፡፡ ቀጥሎ ቴ ቺፕሶንግ የሚባል የጎርዮ የጦር አለቃ የሞንጎል ሹም አስከትሎ ከቅጥሩ ሥር ቆመና አገሩም ሠራዊቱም እጅ እንደ ሰጠ ለፈፈ፡፡ ቼም ከቤተ መንግሥት የደረሰኝ ትእዛዝ የለም፣ ምን አምኜ እከፍታለሁ አለው፡፡ በእርግጥ መልእክተኛው አስቀድሞ መጥቶ ነበርና ይህ መልስ ፍጹም እውነት ነው ለማለት ያስቸግራል፡፡ ቴ ሊገባ ሲሞክር በፍላጻ አባረሩት፡፡

የተዋረደው የጦር አለቃ ተራ ሰው አልነበረም፤ ልጁን ለቼ ኡ የዳረ ነው፡፡ ቼ ኡ ማን ነው ቢሉ፣ ዙፋኑ ላይ ያለው ንጉሥ ኮጆንግ ቢሆንም አገሪቱን በእጁ ጨብጦ የሚገዛት የጦር ጌታ ነበር፤ ቤተሰቡ ከ1196 ጀምሮ ሥልጣኑን ከአባት ወደ ልጅ ያወርስ ነበር፡፡ ቴ ስለ ጃጁው ሹም ወተወተ፤ ቼ ኡም ቼ ቹንምዮንግ ይሙት ብሎ ፈረደ፡፡ ሰውየው ሊገደል ሲወሰድ አንድ የሞንጎል ሹም አየውና ማን እንደሆነ ጠየቀ፡፡ ነገሩን ሲሰማ፣ ይህ ሰው ለእኛ እንቢተኛ ነው፣ ለእናንተ ግን ታማኝ ነው፣ እኔ እንኳ አልገድለውም፣ ከእኛ ጋር ከታረቃችሁ በኋላ ከተማችሁን የጠበቀላችሁን ሰው መግደላችሁ ልክ ነውን ሲል ጠየቃቸው፡፡ በዚህ ምክንያት ሰውየው ተረፈ፡፡

የራሱ መንግሥት የነፈገውን ፍርድ ወራሪው ሰጠው፡፡ ይህን ስናነብ ሞንጎሎች ደግ ነበሩ ልንል አይገባም፡፡ ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በኡትራር ያደረጉትን እናስታውስ፡፡ የኸዋሪዝሙ ሱልጣን የላከው ቀራጃ የሚባል የጦር አለቃ ከአምስት ወር ከበባ በኋላ ሌሊት በሩን ከፍቶ ወጥቶ እጁን ሰጣቸው፡፡ እነርሱ ግን ለጌታህ ያልታመንክ ለእኛ ትታመናለህን ብለው ገደሉት፡፡ በኡትራር የከዳውን ገደሉ፣ በጎርዮ ያልከዳውን አዳኑ፡፡ መለኪያቸው አንድ ነው፤ ታማኝነት እንደ ጥሩ ሰይፍ ነው፣ በማንም እጅ ቢሆን ዋጋውን ያውቁታል፡፡ እንዲያም ሆኖ ያው ሞንጎል ፓክ ሶን አልማረውም፡፡ ቆየት ብሎ የመጣ መልእክተኛቸው ለምን አልሞተም ብሎ ጠየቀ፡፡ ቼ ኡም ፓክ ሶን፣ ታማኝነትህ ወደር የለውም፣ የሞንጎል ቃል ግን ያስፈራል፣ የሚሻልህን አድርግ ብሎ አሰናበተው፡፡ ፓክ ሶ ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ጁክጁ ሄደ፡፡

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ልክ ነበር?

ለፓክ ሶ የሚቆም ሰው የሚለው አለው፡፡ እያንዳንዱ የከተማ ሹም የታረቀውን ጦርነት በራሱ ፈቃድ ቢቀጥል አገር አገር አይሆንም፡፡ ከዚህም በላይ የሞንጎል ሕግ የታወቀ ነበር፤ የተዋጋች ከተማ ስትወድቅ ነዋሪዋ በሰይፍ ያልቃል፡፡ አዛዡ «አልከፍትም» ሲል የራሱን አንገት ብቻ አያስይዝም፡፡ በጭቃው እሳት ያጠፉት ሴቶችና ሽማግሌዎች ሕይወት አብሮ ይያዛል፤ እነርሱን ደግሞ የጠየቃቸው የለም፡፡ ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ እኔም ፓክ ሶን ፈሪ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም፡፡

ነገር ግን ትእዛዝ ክብደት የሚኖረው አዛዡ አደራውን እስከ ተሸከመ ድረስ ነው፡፡ «እጅ ስጡ» ያለው መንግሥት ምን አደረገ? ገና በዚያው ዓመት ክረምት እርቁን አፍርሶ ቤተ መንግሥቱን ወደ ጋንግህዋ ደሴት አዛወረ፤ ሞንጎል ባሕር አይሻገርም ብሎ ነው፡፡ ዩ ሱንግዳን የሚባለው ሊቅ፣ እኛ ደሴት ላይ ተደብቀን ሕዝቡን ለሰይፍና ለምርኮ መተው ምክር አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ የሰማው የለም፡፡ ኪም ሴቹንግ የሚባል መኮንን ስብሰባው መሐል ገብቶ ዋና ከተማውን እንከላከል ቢል አንገቱ ተቀላ፡፡ ይገደል ብለው ከመከሩት አንዱ ያው ቴ ቺፕሶንግ ነው! ለሌላው በር ክፈት ይላል፣ ለራሱ ባሕር አጥር አድርጎ ይዘጋል፡፡ ቤተ መንግሥቱ እስከ 1270 ከደሴቱ አልወጣም፡፡ መኳንንቱ እዚያ ሆነው ከየብስ ግብር እየሰበሰቡ ሲኖሩ፣ በ1254 በአንድ ዓመት ብቻ ሞንጎሎች 206,800 ወንዶችና ሴቶች ማርከው እንደ ወሰዱ መዝገቡ ጽፏል፡፡ የሞተው ሊቆጠር አልቻለም ይላል፡፡ መዝገቡን በ1451 ያጠናቀቁት የተከታዩ ሥርወ መንግሥት ጸሐፊዎች የጦር ጌቶቹን እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ የደሴቱን ኑሮ ግን ከራሳቸው አልፈጠሩትም፡፡

ፓክ ሶ በሩን ሲከፍት ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ አልወቅሰውም፡፡ ቼ ቹንምዮንግ ግን አንድ ነገር የገባው ይመስለኛል፡፡ ከቅጥሩ ሥር ቆሞ «ሁሉም ሰጥቷል፣ አንተም ስጥ» የሚለው ድምፅ ከሕዝቡ የመጣ ድምፅ አይደለም፡፡ ከጠላት ጋር ጎን ለጎን የቆመ አዛዥ የሚያመጣውን ትእዛዝ አማና የተሸከመ ሰው ደጋግሞ ሊመረምረው ይገባል፡፡ መዋጋቱ ሳይሆን መመርመሩ ነው ግዴታው፡፡ ከመረመረ በኋላ ፓክ ሶ እንዳደረገው ሊከፍት፣ ቼ እንዳደረገው ሊዘጋ ይችላል፤ ሁለቱም በአላህ ፊት የሚጠየቁት ስለዚያ ሕዝብ እንጂ ስለ ቼ ኡ ፊት አይደለም፡፡ ከባዱ ጥፋት ያለው ሰውን አንድ ዓመት ጠብቅ ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ጠበቅህ ብሎ በሚቀጣ መንግሥት ላይ ነው፡፡ ክንዱን በፍላጻ ተወግቶ ከበሮውን ያላቆመው ኪም ክዮንግሶን፣ ሞንጎል ያልገደለውን፣ የቼ ኡ ልጅ ቼ ሃንግ የሕዝብ ፍቅር አተረፈ ብሎ ቀንቶበት ወደ ደሴት አጋዘው፤ በ1251ም አስገደለው፡፡

ቼ ቹንምዮንግ በኋላ ከባለ ውለታዎች አንደኛ ተብሎ ተሾመ፡፡ የፓክ ሶም ትውልድ ቀዬ ጁክጁ በ1236 በሞንጎል ተከበበች፡፡ ያን ጊዜ ከተማዋን የጠበቀው ሶንግ ሙንጁ ይባላል፤ ኩጁ ውስጥ ተዋግቶ የጠላትን ዘዴ በዓይኑ ያየ ሰው ነው፡፡ በየማለዳው ዛሬ በዚህ መሣሪያ ይመጣሉ፣ ይህን አዘጋጁ ይል ነበር፤ እንዳለውም ይሆናል፡፡ ሞንጎሎቹ 15 ቀን ሞክረው የከበባ ዕቃቸውን አቃጥለው ሄዱ፡፡