እንግዳ እስከ መቼ እንግዳ ነው?

ሰው አገሩን ጥሎ በተሰደደ ጊዜ የሚያጣው ቤቱንና ንብረቱን ብቻ ነውን? ወይስ ከነዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር ያጣል? ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ መርካቶ ድረስ መውረድ ይበቃናል።

መርካቶ ራሱ ከቦታው የተነሣ ገበያ ነው። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ሰፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ። ይሁን እንጂ ከየአውራጃው የመጣው ነጋዴ፥ ከባሕር ማዶም የመጣው የየመን ዐረብ፥ በዚያ ሱቅ ከፍቶ ጎረቤት ለመሆን በቃ።

በ2007 ዓ.ም. በየመን ጦርነቱ በበረታ ጊዜ ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ከነዚህ አንዱን ሽማግሌ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው እናያቸው ነበር። ባለፍን ቁጥር ጥቂት ገንዘብ እንሰጣቸዋለን፤ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይቀበሉናል። አንድ ቅዳሜ ገበያተኛ የበዛበት ባለሱቅ፥ «አባባ፥ እባክዎ ይህን ጣቃ ይለኩልኝ» ብሎ ሜትሩን ሰጣቸው። ሽማግሌው ቀና አሉ። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ከለኩ በኋላ ዋጋውን ሳይቀር ገመቱ። ለካ በአገራቸው የጨርቅ ነጋዴ ኖረዋል! እኛም አፈርን፤ ወራት ሙሉ ስንመጸውታቸው ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም ነበርና።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ ጦርነት በነካው አገር ከሚኖሩ 5 ሰዎች አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት ግን የስደተኛን አእምሮ የሚጎዳው በአገሩ ያየው መከራ ብቻ አይደለም፤ በደረሰበት አገር የሚያገኘው ሥራ ማጣት፥ ብቸኝነትና የነገን ዕድል አለማወቅም ነው። እንግዲህ የሕመሙ ከፊል መድኃኒት በእኛ እጅ ነው ማለት ነው። ሕመሙ ለጠናበት ከመርካቶ ሳይርቅ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ስሙን መቀለጃ የሚያደርግ ሰው ቢኖር ነውሩ የራሱ ነው እንጂ የታማሚው አይደለም። ሆኖም ሐኪም የቱን ያህል ቢራራ በጎረቤት ፈንታ ጎረቤት ሊሆን አይችልም።

«የራሳችን ድኻ ሥራ አጥቶ ሳለ ለባዕድ እንዴት እናስብ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ተቀምጦ የሚመጸወት ሰው ለአገር ይከብዳል፤ የሚሠራ ሰው ግን ሸክም ያቀልላል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም ባስመጡ ጊዜ፥ ልጆቹ በሙዚቀኛነት ሥራ ተሰጣቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለውም ታወቁ። የመሪያቸው የኬቮርክ ናልባንዲያን ድርሰት እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፍጻሜ የኢትዮጵያ ሕዝብ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ኀዘናቸው ጠፋ ለማለት አንደፍርም፤ ያዘነ ልብ ግን የሚሠራው ሥራና የሚጠራበት ስም አገኘ።

ዛሬም የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራትን መብት ደንግጓል። ሕግ በር ይከፍታል፤ «ስምዎ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅን ግን በአዋጅ ማዘዝ አይቻልም።

አባቶቻችን «እንግዳ ፊት ወርቅ፥ ኋላ ብር፥ ኋላ ጨርቅ» ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን፦ እንግዳ ጨርቅ የሚሆነው ብዙ ስለ ቆየ አይደለም፤ ብዙ ቆይቶም እንግዳ ስለ ሆነ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ወገኖቻችን ተሰደው በሰው አገር ደጅ እንደ ቆሙ የምናውቅ ሰዎች፥ ይህን ለመረዳት ሌላ አስተማሪ አያሻንም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ካልን፥ መድኃኒቱ ከኪሳችን ሳይሆን ከአፋችን ይጀምር፤ አስቀድመን ስሙን እንጠይቀው፥ ቀጥሎም ምን መሥራት እንደሚችል።